ከሻምበሉ መቀስ የተረፈው

ዳንግላ ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ማናለብሽ ዓለምነውን ይፈራታል። በርጩማ ላይ ታስቀምጠውና «አገጭ ወደ ላይ! ትከሻ ወደ ኋላ! አትተንፍስ!» እያለች ታፋጥጠዋለች። አንዱን ጎረምሳ «ተንፍስ» ማለቱን ረስታው ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ መንጃ ፈቃዱን ያየ ትራፊክ ሁሉ «ምን ሆነህ ነው የተነሳኸው?» ይለዋል።

ይህ አነጋገሯ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን በከተማው እምብዛም አልነበረም።

ማናለብሽ የተወለደችው ከዳንግላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ባለ ገጠር፣ አገውኛ ከሚናገር ቤት ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት፣ የጽሕፈት መኪናን በባሕር ዳር ተማረች። በሃያ ሁለት ዓመቷ አዲስ አበባ ገብታ በጦሩ የፊልም ክፍል በታይፒስትነት ተቀጠረች። በ1969 ማለቂያ ምሥራቁ በጦርነት ሲነድ ክፍሉ ሦስት ሰው ላከ፦ አንድ ካሜራ ማን፣ አንድ ረዳትና የተቀረጸውን የምትመዘግብ ታይፒስት። ረዳቱ ሐረር ሳይደርስ በወባ ተኛ። ካሜራ ማኑ በሦስተኛው ቀን እግሩ ተሰበረ፤ ጥይት አልመታውም፣ ከጭነት መኪና ሲዘል ነው። ካሜራውን ታቅፎ ግራ ቀኙን ቢያይ ከታይፒስቷ በቀር ሰው የለም።

«ትችያለሽ?» አላት።

«ቁልፉን ሲያዞሩት አይቻለሁ። የጠረጴዛ ሰዓት እንደመሙላት ነው» አለችው።

ክፍሉ ካሜራ አስይዞ ግንባር ያሰለፋት የመጀመሪያዋ ሴት በዚህ ዓይነት ተገኘች። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ወሬውን ሲሰሙ «ትመለስ» ብለው ቴሌግራም ላኩ። ቴሌግራሙን የምትቀበለውም የምትመዘግበውም እሷ ስለነበረች፣ እንደ ደንቡ መዝግባ እንደ ደንቡ ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለተኛው ቴሌግራም እስኪመጣ የላከችው ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ይታይ ጀመር። ከዚያ በኋላ «ትመለስ» ያለ የለም።

ካሜራው በቁልፍ የሚሞላ ነበር፤ አንዴ ተሞልቶ ግማሽ ደቂቃ አይዘልቅም። ጥቅልሉ ፊልምም ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ማናለብሽ ከመቅረጿ በፊት መጠበቅን ተማረች። ከድንጋይ ሥር ተኝታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ካሜራው እንዳይነቃነቅ በክርኗ አሸዋ ቆፍራ ትጠብቃለች። ፊልሙ በሙቀት እንዳይበላሽ ለመጠጥ ከሚሰጣት ውኃ ላይ ቀንሳ ጨርቅ እያራሰች ትጠቀልለዋለች። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ቆርቆሮ ካንቺ ይበልጣል?» ሲሏት «እኔ ጥላ አለኝ፤ እሱ የለውም» ትላለች።

የተቀረጸው ሁሉ አዲስ አበባ ሲደርስ በአንድ መነጽራም ሻምበል እጅ ያልፋል። ሻምበሉ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ግን መቀሳቸው ሥራ አይፈታም፤ ማናለብሽ ከግንባር ስትመለስ ደግሞ መቀሱን የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። ወታደር ሲስቅ ካዩ፣ «ይህ አብዮታዊ አይደለም፤ ቁረጭ!» ወታደር ካልሲውን ሲያጥብ ካዩ፣ «ቁረጭ!» ሁለት መድፈኞች ለአንዲት ቁራጭ ሳሙና ሲጣሉ ካዩ፣ ሁለት ጊዜ «ቁረጭ!» የተቆረጠው መቃጠል አለበት፤ ትእዛዝ ነው። ማናለብሽ ግን ያቃጠለችው ጋዜጣ ነበር። ቁርጥራጩን በካልሲ ውስጥ እየከተተች አጠራቀመችውና፣ በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ሲል አንዱን ካንዱ በሙጫ እየቀጠለች አሥራ ሦስት ዓመት ቆየች። በ1983 ክፍሉ ሲበተን አንድ ያረጀ ካሜራና አንድ ክብ ቆርቆሮ ይዛ አገሯ ገባች። ቆርቆሮውን እርጥበት እንዳይነካው በገብስ ጎታ ውስጥ ቀበረችው። ከመናኸሪያው ጀርባ ደግሞ ፎቶ ቤት ከፈተች።

ሃያ ሰባት ዓመት ቆርቆሮውን ለማንም አላሳየችም። መጀመሪያ ፈርታ ነው። በኋላ ፍርሃቱ ሲለቃት «ማን ያየዋል?» ብላ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የምሥራች የምትባል ወጣት ለፓስፖርት ፎቶ ልትነሳ መጣች። እንጅባራ በተከፈተው አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት ናት። እንደ ማንኛውም ሰው አገጯን ቀና፣ ትከሻዋን መለስ አድርጋ ትንፋሿን ይዛ ተነሳች። ከተፈቀደላት በኋላ ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ካሜራ አየች።

«እትዬ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ለጌጥ ነው?»

«ለጌጥ ቢሆን አምስት ኪሎ አይመዝንም ነበር።»

የምሥራች የተነሳችውን ፎቶ መቀበሏን ረስታ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎታው ውስጥ እስከ ክንዳቸው ገብተው፣ ገብስ በፀጉራቸው ላይ ተበትኖ፣ ቆርቆሮውን አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። የምሥራች አዲስ አበባ ወስዳ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣው በወሩ ጣት የምታህል ፍላሽ ይዛ ተመለሰች።

ማናለብሽ ፍላሿን መዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠቻት። «ያን ሁሉ አገር ለአገር የተሸከምኩት ይህቺን ነው?» አለች።

ፊልሙ ለከተማው ሕዝብ እንዲታይ ተወሰነና ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «የጦር ሜዳ ፊልም፤ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ በከተማው አዳራሽ»። በማግሥቱ ጠዋት፣ ማናለብሽ ገና የፎቶ ቤቱን መስኮት ሳትከፍት፣ አምሳ አለቃ ሽባባው አንድ ማሰሮ ማር ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

አምሳ አለቃ ሽባባው የዳንግላ ጀግና ነው። የበዓል ቀን፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የዕድር ስብሰባ፣ የትም ይሁን፣ ከዘራውን እንደ መትረየስ ወድሮ በምሥራቅ ግንባር የማረከውን ታንክ ያወራል። መጀመሪያ ታንኩ አንድ ነበር፤ ከጊዜ ወዲህ አራት ደርሷል። ማናለብሽ ይህን ወሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ሰምታለች። ሽባባው መትረየስ ተኳሽ አልነበረማ። ግንባር ላይ ስታውቀው የስድስት መቶ ሰው ሻለቃ ጦር ወጥ ቤት ነበር። በሰው ፊት ሁለቱም «እርስዎ» ይባባላሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እንደ ድሮው ናቸው።

«ማናለብሽ፣ ያ ፊልም ተቃጥሏል አላልሽኝም ነበር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተቃጥሏል ብለህ ተስፋ አደረግህ እንጂ እኔ አላልኩም።»

«ግመሏ አለች?»

«አለች።»

«ሙሉዋን?»

«ከነጅራቷ።»

ሽባባው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ግመል የሻለቃ ጦሩን ምሳ የያዘውን ብረት ድስት በጠፍሩ አንገቷ ላይ አጥልቃ ሸመጠጠች። ሽባባው ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ ጭልፋውን እንደጨበጠ፣ ያንን ሜዳ ሙሉ እየሮጠ ተከተላት። ማናለብሽ ቁልፉን ሞልታ ያለ ይሉኝታ ቀረጸችው።

«ቁረጫት» አላት። «አንቺ ታውቂበታለሽ። አንድ ደቂቃ አትሞላ። ማን ያውቃል?»

«ሽባባው፣ ሰው የቆረጠውን ስለቅም ኖሬ፣ በስድሳ አራት ዓመቴ መቀስ አንሺ ትለኛለህ?»

«ልጆቼ ይስቁብኛል። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። አንቺማ ምን ገዶሽ! ስምሽን ያወጡልሽ ሰዎች አውቀው ነው። ማን አለብሽ!»

ተነስቶ ወጣ። ማሩን ግን አልወሰደውም፤ እሷም አልጠራችውም።

ያቺ ንግግር ግን ቀኑን ሙሉ እንደ እሾህ ወጋቻት። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ በአደባባይ የሚስቅባት የልጅ ልጅ የላት። ለካ በሌላው ሰው ክብር ላይ ደፋር መሆን ለእሷ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ የምሥራች ስትመጣ፣ «በዚህ ኮምፒውተር አንድ ነገር መቁረጥ ቢያስፈልግ እንዴት ነው?» አለቻት።

«ይህቺን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።»

«ይህቺን ብቻ?»

«ይህቺን ብቻ።»

«ሻምበሉ ይህቺን አግኝተው ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው አይተርፍም ነበር» አለች። ጣቷን ከቁልፉ በላይ አንጠልጥላ ግመሏን እስከ መጨረሻ አየች። ከግመሏ ቀጥሎ ያለውን ቁራጭም አየች። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው በሆዱ እየተሳበ ባዶ ሜዳ ያቋርጣል። በወገቡ ሁለት ገመድ ታስሯል፤ በገመዶቹ ጫፍ ክዳናቸው በሽቦ የተጠፈረ ሁለት ድስት እየተጎተተ ይከተለዋል። ወዲያ ወዲህ አቧራ ይነሳል። ሰውየው ይቆማል፣ እጁን ልኮ ክዳኖቹ መኖራቸውን ይዳብሳል፣ ደግሞ ይሳባል። ከማዶ በምሽጉ ውስጥ ሦስት ቀን ያልበላ ጦር አለ።

«ይህንን ለምን ቆረጡት?» አለች የምሥራች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«‹ወጥ ይዞ የሚሳብ ጀግና የለም› ብለው ነዋ።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ያው ግመሏን ሲያባርር ያየሽው።» ማናለብሽ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

ለሽባባው ይህንን ልትነግረው ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ ሚስቱ እህተማርያም «ታሟል» አለቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጓዳ የሽባባው ሳል ተሰማ፤ ሳሉ ግን የሚስል ሰው ሳል አልነበረም። ማናለብሽም «እንዲያው እሑድ ይዘሽው ነይ፤ ፊልሙ ላይ አለ» ብላት ሄደች።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር ያጣው በመስኮት ደፍ ላይ፣ መስኮት ያጣው በሰው እግር ላይ ተቀመጠ። እህተማርያም ባሏን ክንዱን ጨብጣ ከፊት ረድፍ አስቀመጠችው። «ፊልም ላይ አለህ ተብሎ ቤት ይዋላል?» ትለዋለች። ሽባባው ሜዳሊያዎቹን ደርድሮ፣ እንደ ታረደ ዶሮ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

የመስኮቶቹ መጋረጃ ተዘጋ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ወጣ፦ «ካሜራ፦ ማናለብሽ ዓለምነው»። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ፊልም ላይ የሚወጣው የአለቃዋ ስም ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ማናለብሽ ወደ የምሥራች ዘንበል ብላ፣ «ፊደሉ ትንሽ ሰፍቷል» አለች።

ካልሲ የሚያጥቡት ታዩ። ለሳሙና የተጣሉት ታዩ። አንዱ ወታደር የሌላውን ፀጉር በመቀስ ሲያስተካክል ጆሮውን ነክቶት ሁለቱ ሲሯሯጡ ታዩ። አንዲት ሴት «ልጆች እኮ ነበሩ» አለች፤ ሳቁ ለአፍታ ጋብ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ግመሏ መጣች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ግመሏ ድስቱን አንገቷ ላይ እያንገጫገጨች፣ ሽርጣሙ ጎረምሳ ከኋላዋ ጭልፋ እያወናጨፈ። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ግን የጎረምሳው አፍ በትልቁ ይታያል። ከኋላ ረድፍ አንድ ገበሬ ብድግ አለ። «እናንተ ሆይ፣ በአገውኛ ነው እኮ የሚሰድባት!» ብሎ ጮኸ። አገውኛ የሚያውቀው ግማሽ አዳራሽ ከንፈሩን እያነበበ ተንፈራፈረ፤ የማያውቀው ደግሞ «ምን አላት? ምን አላት?» እያለ ጎረቤቱን ይጎስማል። የሚተረጉምለት አላገኘም፤ ስድቡ በሰንበት የሚተረጎም አልነበረም።

«አምሳ አለቃ ሽባባው ነው!» አለ አንዱ።

በዚህ ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ ሳቁ ቀጠለ። «መትረየሱ ጭልፋ ነበር?» አለ አንድ ድምፅ። «ታንኩስ ግመል ነበረች?» አለ ሌላው። ሰው እየተነሳ ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። ማናለብሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እንዲህ ሆኖ ከተበተነ ሽባባው እስከ ዕለተ ሞቱ ግመሏን እንዳባረረ ይኖራል።

«ባለህበት ቁም!» ብላ ጮኸች።

ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቆመ። በሕዝቡ መካከል ፎቶ የተነሱት የባጃጅ ሾፌሮች ትንፋሻቸውንም ያዙ ይባላል።

«ፊልሙ አላለቀም። ማንም አይወጣም። ጄኔሬተር ያለው ያምጣ!»

አንድ ፀጉር አስተካካይ የሱቁን ጄኔሬተር ሊያመጣ ሮጠ። ማናለብሽ በዳበሳ ሄዳ ከሽባባው ጎን ተቀመጠችና እጅጌውን ያዘችው፤ ሊነሳ ሲታገል አገኘችው።

«ልቀቂኝ። አየሽው አይደል?»

«ሽባባው፣ ለምን ነው የዋሸኸው? እኔ አልጠየቅሁህም እስከ ዛሬ።»

«ስመለስ አባቴ ‹እዚያ ምን ሠራህ?› አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሽንኩርት ከተፍኩ ልበለው?» አለ። «አንድ ታንክ ሰጠሁት። ደስ አለው። እሱ ከሞተ በኋላ ለማን ልመልሰው ታንኩን?»

«ዛሬ ትመልሰዋለህ። ተቀመጥና እይ።»

«ምኑን ነው የማየው? ግመሏን አይቻት የለም!»

«አንተ የምታውቀውን አይደለም። እኔ የማውቀውን።»

ጄኔሬተሩ ከውጭ እየተንፈቀፈቀ ተነሳ። መብራቱ ሲመጣ አሁንም የሚስቁ ነበሩ። ቀጥሎ ያ ባዶ ሜዳ ታየ።

መጀመሪያ ሰውየው ድንጋይ መስሏቸው ነበር። ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። ድስቶቹ ተከተሉት። ሳቁ ከፊት ረድፍ እየሞተ ወደ ኋላ ሄደ። አቧራው በተነሳ ቁጥር አዳራሹ አብሮ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ቆሞ ክዳኖቹን ሲዳብስ፣ አንዲት አሮጊት «ተወው ልጄ፣ ተወው፣ ራስህን አድን!» ብለው ወደ ስክሪኑ ጮኹ። አልተወውም። ምሽጉ ጋ ደርሶ ብዙ እጆች ተቀበሉት። እሱ ግን የራሱን እጅ ከመስጠቱ በፊት ድስቶቹን አቀበለ።

ሽባባው ወደ ማናለብሽ ዞረ። «አንቺ… የት ሆነሽ ነው ይኼን ያነሳሽው?»

«ከድንጋዩ ሥር ነበርኩ።»

«እዚያ ሜዳ ላይ አንቺም ነበርሽ?»

«ሆዴም ባዶ ነበር» አለች ማናለብሽ። «ወጡ ሲደርስ እኔም በላሁ።»

ሽባባው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ያጨበጭባል፤ እሱ አላየም። ከዚያ ጭብጨባ መካከል የእህተማርያም ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ቆይ! ቆይ! አንተ ሰውዬ፣ ወጥ መሥራት ትችላለህ ማለት ነው?»

ጭብጨባው ቆመ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት!» አለች ለአዳራሹ ዘወር ብላ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ሲለኝ ኖረ! ለስድስት መቶ ሰው የሚቀቅል ሰው፣ አራስ ሆኜ እንኳ እሳት አላነደደልኝም!»

በዚያ ቀን ከግመሏም ይልቅ ሰውን ያሳቀው ይህ ነው። ሽባባው ነጠላውን ከፊቱ አንስቶ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ በሩን አየ፤ በሩ በሰው ተዘግቶ ስለነበር እሱም ሳቀ።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ በሽባባው ቤት እሑድ እሑድ እሳት የሚያነደው እሱ ነው። እጁ ለስድስት መቶ ሰው የለመደ ስለሆነ ሽሮው ከድስት ይገነፍላል፤ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል። ታንኮቹን አንድም ቀን አላነሳቸውም። ጠያቂ ሲበዛበት፣ «ማናለብሽን ጠይቋት፤ ያየችው እሷ ናት» ይላል።

እሷን ደግሞ የምሥራች እንጅባራ ወሰደቻት። ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ እየሄደች፣ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ለአሥራ አንድ ተማሪዎች ካሜራ አያያዝ ታስተምራለች። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራ አላስነካቻቸውም፤ መጠበቅ ነው ያስተማረቻቸው። ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አንዷ አለቀሰች። በሁለተኛው ወር በየወረዳው እየዞሩ የድሮ ወታደሮችን ወሬ መቅረጽ ጀመሩ። ታንክ የማረኩት ቶሎ ቶሎ መጡና አለቁ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጫግኒ በአውቶቡስ የመጡ አንድ ሽማግሌ የክፍሉን በር ገፋ አድርገው ቆሙ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ማናለብሽ የምትባለው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ አባቴ። ይግቡ።»

«እኔ እንኳ የሚወራ የለኝም። ጎማ ለጣፊ ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ጎማ ለጠፍኩ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም። የሽባባውን ስሰማ ጊዜ ነው…» ወደ በሩ ዘወር ሊሉ አሉ። «ጀግንነት የለበትም እኮ።»

ማናለብሽ ወንበር ስባ አቀረበችላቸው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች።

«ብርሃኑ ከመስኮቱ ነው፤ ካሜራውን ወደዚህ አምጡት» አለች። «እሺ አባቴ። የመጀመሪያው ጎማ የፈነዳው የት ላይ ነው?»